ጥቁሩ ሙጫና የማንጊዲ ጭረት

ሙጫ ሲላቀቅ ድምፅ አለው። የማያምን ሰው ደርባን ወደብ አጠገብ ካለው የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ገብቶ ከቴክኒሻኗ ከማንጊዲ ጎን ግማሽ ቀን ይቀመጥና ይስማ። እሷ ይህን ድምፅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምታዋለች። በዝግታ የተጎተተ ሙጫ "ጧ" ብሎ በጨዋ ደንብ ይለያል፤ በፍጥነት የተጎተተው ግን በር እንደሚያላትም ባለጌ ጆሮ ይጠልዛል። ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ብቻ ሰምታ የጥንካሬውን ቁጥር ትገምታለች፤ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣውም እምብዛም አትርቅም። በዚህ ትኮራለች፣ ብትኮራም አይፈረድባትም።

እናም የያሚካኒ ጥቁር ሙጫ በፍጥነት ሲጎተት ያወጣውን ድምፅ የሰማች ዕለት ነገር ሸተታት።

ያሚካኒ ምቤዌ ከማላዊ የመጣ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚሠራው ኢፖክሲ በሚባለው፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክረው ሙጫ ላይ ነው። ሙጫው ውስጥ ጥቀርሻ የመሰለ ዱቄት ይጨምርበታል። ዱቄቱ የካርቦን ናኖ ቱቦ ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ከፀጉር ብዙ ሺህ ጊዜ የቀጠነች ቱቦ ናት ይላል፣ ከቤተ ሙከራው ሰው ግን በዓይኑ ያያት የለም። በዚህ ዱቄት ሙጫው ይጠቁራል፤ ይጠነክራልም ይባላል። ያሚካኒ በሙጫው ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቁራጮችን ጫፋቸውን አደራርቦ ያጣብቃል፤ ማንጊዲ ደግሞ በመጎተቻው ማሽን መንጋጋ ታስይዝና እስኪላቀቁ ትጎትታቸዋለች። ግማሾቹ በዝግታ ይጎተታሉ፤ አንዱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ግማሾቹ በፍጥነት ይጎተታሉ፤ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃሉ።

ወጪውን የሚችለው ወደቡ ዳር ያለ አንድ ጀልባ ሠሪ ነው። ሰውየው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የመልሕቅ ገመድ ጀልባን ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ ማዕበል ግን ይመታል እንጂ አይጎትትም። ይህ ጥቁር ሙጫ ምቱን ይችላል ወይ?

ቁጥሩ "እንዴታ!" አለ። በዝግታ ሲጎተት አሥራ ዘጠኝ፣ በፍጥነት ሲጎተት ሃያ ዘጠኝ።

ማንኛውም ሙጫ በፍጥነት ሲጎተት በመጠኑ እንደሚበረታ ማንጊዲ ታውቃለች። "ሲደነግጥ ይጠነክራል" ትላለች። ግን ቢበዛ ከአሥር አንድ እጅ ቢጨምር ነው። ይሄኛው ግማሽ ያህሉን ጨመረ። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በሦስት ዙር ሦስቴም ያው ሆነ።

ሰው ሲጠረጥር መነሻ አለው። የማንጊዲ መነሻ ስድስት ዓመት የቆየ ቁስል ነው። ያኔ እንደ ልጇ ያቀረበችው አንድ የኡምላዚ ልጅ፣ የገዛ ሰፈሯ ልጅ፣ ያልጎተተውን ናሙና ጎተትኩ ብሎ ቁጥር ከጭንቅላቱ ጻፈ። ከወረቀቱ ግርጌ የእሷ ፊርማ ነበረ። ልጁ ተባረረ፤ ለእሷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘባት ሥራዋ አበቃ ማለት ነው። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ነው የቀራት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቁጥር በሙሉ ልቧ አምና አታውቅም።

እሳቱ ላይ ቤንዚን ያርከፈከፈው ደግሞ ቬላፒ ነው። ቬላፒ የመጋዘኑ ጠባቂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከበር ላይ ትኩስ ማግዊንያ፣ በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ድቡልቡል፣ ገዝቶ፣ ጣቱን ዘይት በዘይት አድርጎ፣ ወሬ ይዞ ይመጣል።

"ማንጊዲ፣ ያ ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?"

"የትኛው ልጄ? እኔ ልጆቼን ድሬ ጨርሻለሁ።"

"ፑቱ የምታበይው ነዋ!"

"ሊያጠና ይሆናላ።"

"ጥናት ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ መውጣት ነው እንዴ? ሲንኳኳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፣ ሳጥን አይቼ ዝም አልልም።"

"ጠየቅከው?"

"ጠየቅኩት እንጂ! 'ስብርባሪ ነው ባባ' አለኝ። ስብርባሪ ምን ይሠራለታል? እናቱ ጋ ወስዶ ሊያስጠብሰው ነው?" ማግዊንያውን ገመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እነዚህ ከድንበር ወዲያ የሚመጡት እንደምንም ወረቀቷን ይዘው መሄድ ነው የሚፈልጉት። በኋላ አልነገርከኝም እንዳትዪ።"

ማንጊዲ እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ የሚሉትን ሴቶች ፊት ለፊት ትገስጻለች። ያን ዕለት ግን ቬላፒን ዝም አለችው፤ ዝም ማለቷንም ራሷ አስተውላለች።

በዚያው ሳምንት ብዙ ነገር ተለወጠ። ቀድሞ ምሳዋን ስታመጣ ለሁለት አስባ ነበር፤ ፑቱ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በእርጎ፣ አንድ ሳህን ለእሷ፣ አንድ ለእሱ። እሱም ከአገሩ የሚላክለትን ኡሲፓ፣ ጣት የማታህል የሐይቅ ዓሣ ድርቆሽ፣ ያመጣላት ነበር። "ልጄ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ዓይን ዓይኔን ያየኛል" ትለው ነበር። "ማማ፣ እንዳይደብርዎት ነው፣ ጨዋታ ይወዳል" ይላታል። አሁን የምሳ ዕቃዋ በአንድ ሰው ልክ መጣ። "ልጄ" ማለቷም ቀረና "አቶ ምቤዌ" ሆነ። ያሚካኒ ሲሰማው የመጀመሪያ ቀን ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። በሁለተኛው ቀን አልሳቀም።

በአራተኛው ዙር አሥራ ሁለት ናሙና አዘጋጅቶ ሰጣት። ማንጊዲ እንደ ወትሮዋ ተቀበለችው፤ በትሪ ደርድራ ምድጃው አናት ላይ አስቀመጠችለት። ይህ የቆየ ደግነቷ ነው። የደርባን አየር ከባሕር የሚመጣ እርጥበት ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሙጫ እርጥበት ይጠጣል። የሸክላ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ትልቁን ምድጃ መብራት እስካለ ድረስ አያጠፉትም። ስለዚህ ተራ የሚጠብቅ ናሙና ሁሉ ምድጃው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖሯል።

የማሽኑን ተራ የምትመድበውም እሷ ናት። ግድግዳው ላይ የመብራት ፈረቃው ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ የእሷ ድልድል አለ። ደንቧ ቀላል ነው። ዝግተኛው ሙከራ ሰዓታት ስለሚፈጅ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ውሃ በላው ማለት ነው፤ ስለዚህ መብራት የማይጠፋበት ቀን ሲገኝ ዝግተኛው ይቀድማል። ፈጣኑ በየትኛውም ክፍተት ሽው ብሎ ያልቃል፤ እሱ ይቆይ። በዚህ ወር ግን ፈረቃው ከፋ፤ ሙሉ ቀን መብራት የሚባል ነገር ጠፋ፤ የያሚካኒ አራተኛ ዙር ዝግተኛውም ፈጣኑም ሦስት ሳምንት ቆየ።

እሷ ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈችውም። አንድ ቀን ያሚካኒ ለምሳ እንደወጣ መርፌ አወጣችና በእያንዳንዱ ናሙና ከታች በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ ጭረት ጫረች። ናሙናውን ከለወጠው ታውቃለች። ጭራ ስትጨርስ መርፌዋን መሳቢያ ውስጥ ደበቀች። ፖሊስ የሆነች መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ሌባ የሆነች መሰላት።

በሦስተኛው ቀን ያሚካኒ አንዱን ናሙና ይዞ መጣ።

"ማማ፣ ይቺን ጭረት አይተዋታል?"

"የቷን?"

"ይቺን። ከሥር። አሥራ ሁለቱም ላይ አለች።"

"አሉሚኒየም ነው፣ ይጫራል።"

"አሥራ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ?"

"አቶ ምቤዌ፣ እኔ የብረት ሐኪም አይደለሁም።"

ያሚካኒ አሥራ ሁለቱንም ጠረጴዛዋ ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣና አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቸው። ማንጊዲ መነጽሯን እየወለወለች የማታይ መሰለች። "ፎቶ የሚያነሳው ምን ሊያደርግ ነው?" ስትል አሰበች። በዚያው ምሽት ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለፕሮፌሰር ሙንሳሚ ደብዳቤ ጻፈች። በፍጥነት የተጎተቱት ቁጥሮች ከልክ ያለፉ ናቸው፤ ተማሪው ቅዳሜ እየመጣ ሳጥን ይዞ ይወጣል፤ ይመርመርልኝ። ፊርማ፣ ቀን።

ደብዳቤው ሥራውን ሠራ። ለሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ጉባኤ ተጠራ። ጥፋተኛ ከተባለ የትምህርት ድጋፉ ይቋረጣል፤ ድጋፉ ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዱ ያበቃል፤ አራት ዓመት የለፋበትን ሥራ ትቶ በአጭበርባሪ ስም ወደ አገሩ፣ ወደ ዞምባ ይመለሳል። ሰኞ ዕለት ያሚካኒ የጥሪውን ወረቀት ይዞ ማንጊዲ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

"ማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጠረጠሩኝ ቁጥሬን አይተው ነው ወይስ ፓስፖርቴን?"

"ቁጥርህን ነው!" አለች በቁጣ።

"እሺ።"

"ምን ማለትህ ነው እሺ?"

"እሺ ማለቴ ነው፣ ማማ" አለና ሄደ።

ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ማንጊዲ እልኸኛ ናት፤ አጥንቱን አውጥታ ልታሳየው ቆረጠች። ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት መብራት እንዳለ ሰሌዳው ይናገራል። ማንም ሳይመጣ ገባች። የአራተኛውን ዙር ትሪ ከምድጃው ላይ አነሳችና ሦስት ለዝግታ፣ ሦስት ለፍጥነት መረጠች። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በገዛ እጇ፣ ያሚካኒ በሌለበት። መጀመሪያ ጭረቶቹን በማጉያ መነጽር ተመለከተች። አሥራ ሁለቱም በቦታቸው አሉ። ናሙናው አልተለወጠም።

"አሁን እናያለን፣ አቶ ምቤዌ" አለች ለባዶው ክፍል።

ፈጣኖቹን ጎተተች። ቷ! ቷ! ቷ! ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ። ወንበሯ ላይ ተለጠጠች። ልጁ ስለ ፈጣኖቹ አልዋሸም ማለት ነው። ይሁን፤ እንግዲያው የዋሸው ዝግተኞቹ ላይ ነው ብላ ዝግተኛውን ሰቀለች። ሻይዋን ቀዳች። ማሽኑ እያጉረመረመ ይጎትታል፣ መስመሩ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይላቀቃል ብላ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። አሥራ ዘጠኝን አለፈ። ሃያ ሁለትን አለፈ። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ሃያ ስድስት ላይ "ጧ" አለ።

ሁለተኛውም ሃያ ስድስት። ሦስተኛው ሃያ አምስት ተኩል።

አሁን ግራ ገባት። በዝግታ ሃያ ስድስት፣ በፍጥነት ሃያ ዘጠኝ ማለት ሠላሳ አንድ ዓመት የምታውቀው ሙጫ ጠባይ ነው፤ ከአሥር አንድ እጅ። ታዲያ በሦስቱ ዙር ዝግተኞቹን አሥራ ዘጠኝ ያደረጋቸው ምንድን ነው? እነሱን ደግሞ የጎተተቻቸው እሷ ናት፤ ልጁ አልነካቸውም። ናሙና ለወጠ እንዳትል ጭረቷ አለ። ልታስይዘው የዘረጋችው ወጥመድ ልጁን ነጻ አወጣው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ፍርሃት ነው የተሰማት።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ። ማሽኑም ማቀዝቀዣውም አንድ ላይ ጭጭ አሉ። ማንጊዲ የቀሩትን ስድስት ናሙናዎች ትሪው ላይ ሰበሰበች፤ እጇ ደግሞ እንደ ልማዱ ትሪውን ወስዶ ምድጃው አናት ላይ አስቀመጠ።

መዳፏም እዚያው ቀረ።

ብረቱ ሞቅ ያለ ነበር። አያቃጥልም፤ በብርድ ቀን እጅ የሚያሳርፉበት ዓይነት ሙቀት ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ነክታዋለች። የድሮው ሙጫ ምድጃ ውስጥ ገብቶ፣ በስሎ፣ ጨርሶ ይወጣ ስለነበር ከዚያ በኋላ ቢሞቅም ባይሞቅም ደንታ የለውም። የያሚካኒ ጥቁር ሙጫ ግን ምድጃ አያውቅም። ጀልባን የሚያህል ነገር ማን ምድጃ ይከታል? በብርድ እንዲጠነክር ነው የተሠራው፤ ለሳምንታት ውስጥ ውስጡን ቀስ እያለ ይጠነክራል። ሙቀት ካገኘ ደግሞ ይፋጠናል።

ወደ ግድግዳው ሄደች፤ የራሷን ሰማያዊ ጽሑፍ አነበበች። አንደኛው ዙር፤ ዝግተኛው በሁለተኛው ቀን፣ ፈጣኑ በሃያ ሁለተኛው። ሁለተኛው ዙር፤ ዝግተኛው በሦስተኛው ቀን፣ ፈጣኑ በሃያኛው። ሦስተኛውም ያው። ዝግተኞቹን ገና ጥሬ ሳሉ ጎትታቸዋለች፤ ፈጣኖቹን ሦስት ሳምንት ካሞቀቻቸው በኋላ። ያ ሁሉ ልዩነት ከፍጥነት የመጣ አልነበረም፤ ከጥቀርሻውም አይደለም። ከእሷ ደግነትና ከመብራት ፈረቃው ነው የመጣው።

"ወይኔ" አለች ማንጊዲ፣ "ወይኔ ጉዴ!"

ሚኒባሱ ወደ ኡምላዚ ሲወስዳት መስኮቱን ተደግፋ አሰበች፤ ያሰበችው ሁሉ የሚያኮራ አልነበረም። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን፣ ፍጥነትና ቁጥር ብቻ ነው። ምድጃውን የጻፈ ሰው የለም። ጉባኤው ላይ "ጥርጣሬዬን አንስቻለሁ" ብትል ማንም ለምን አይላትም፤ የእሷም ስም ይተርፋል፣ የልጁም። ግን ቁጥሩም አብሮ ይተርፋል። ያ ጀልባ ሠሪ ሃያ ዘጠኝን አምኖ ጀልባ ያጣብቃል፤ ባሕር ላይ ደግሞ ምድጃ የለም። ዝም ካለች፣ ያን የኡምላዚ ልጅ ሆነች ማለት ነው። የሰፈሯ ልጅ ነበር እሱ። ከድንበር ወዲያ አልመጣም። ይህ ነገር ቬላፒ ሲያወራ እንዴት ትዝ እንዳላላት አሰበችና ፊቷን እሳት ለበለባት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ አራት ሰው ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ሙንሳሚ፣ ከምርምር ሥነ ምግባር ቢሮ የመጣች ወይዘሮ፣ ያሚካኒና ማንጊዲ። ያሚካኒ ክራባት አድርጎ ነበር፤ ነጩን የፕላስቲክ ሳጥንም ይዞ መጥቷል። ተናገር ከመባሉ ሳጥኑን ከፈተ። ውስጡ የተላቀቁት ናሙናዎች በዙር በዙር፣ በቀን በቀን ተደርድረዋል።

"ሳጥኑ ይሄ ነው" አለ። "ቁጥሮቹን እኔም አላመንኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የተላቀቀውን ፊት በአጉሊ መነጽር አያለሁ፤ ዱቄቱ አንድ ቦታ ተጓጉሎ እንደሆነ ብዬ። አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።" ፎቶዎቹን ዘረጋ። "ናሙናዎቼ ላይ ጭረት አለ። አሥራ ሁለቱም ላይ፣ አንድ ቦታ። እኔ አልጫርኩም። ናሙናዎቼን የምንነካው እኔና ወይዘሮ ንጊዲ ብቻ ነን። ጠየቅኳቸው፤ አላየሁም አሉኝ። ዝግተኞቹ ለምን እንደደከሙ አላውቅም፤ ግን ሰው እየነካቸው ነው።"

ማማ አላለም። በመዝገብ ስሟ፣ ወይዘሮ ንጊዲ ነው ያላት።

ፕሮፌሰር ሙንሳሚ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። "ያሚካኒ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ በሠሩ ሰው ላይ ነው ጣትህን የምትቀስረው? ራስህን ለማዳን?"

ከቢሮ የመጣችው ወይዘሮ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። ማንጊዲ ያን ክዳን አየች። ነገሩ አልቋል፤ አፏን ሳትከፍት አሸንፋለች። ያሚካኒም ገብቶታል፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀምሯል። አንጀቷን በላው።

"ጭረቱ የኔ ነው" አለች።

የልጁ እጅ ፎቶው ላይ ቆመ።

"በመርፌ የጫርኩት እኔ ነኝ፣ ናሙና ይለውጣል ብዬ። አልለወጠም። ሲጠይቀኝም ዋሽቼዋለሁ።" ከቦርሳዋ የትናንቱን ውጤትና ከግድግዳው የነቀለችውን የተራ ድልድል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ዝግተኞቹንም ያደከማቸው ሰው አይደለም። ተራ የመደብኩት እኔ ነኝ። ዝግተኛውን በሁለት በሦስት ቀኑ፣ ፈጣኑን ከሦስት ሳምንት በኋላ። እስከዚያ ምድጃው አናት ላይ ያሞቅኳቸውም እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እሱም የለበትም።"

ፕሮፌሰሩ ወረቀቶቹን አገላበጠ። "ማንጊዲ፣ የቀድሞው ማስጠንቀቂያ ፋይልዎ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ደርሶኛል ብዬ የፈረምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ያሚካኒ ድልድሉን ወደራሱ ሳብ አድርጎ ቀኖቹን በጣቱ ይከተል ነበር።

ውሳኔው ለመሰማት አንድ ሳምንት ፈጀ። ያሚካኒ ነጻ ወጣ፤ ሦስቱ ዙር ግን ተሰረዘ። እንደገና እንዲሠራ ስምንት ወር ተጨመረለት፤ ዝግተኛውና ፈጣኑም በዕጣ ተደባልቆ፣ እኩል ቀን የቆየ ናሙና በአንድ ቀን እንዲጎተት ታዘዘ። ማንጊዲን አላባረሯትም፤ ራሷ ስለተናገረች ነው ተባለ። ነገር ግን እስክትወጣ ድረስ ፊርማዋ ብቻውን አይበቃም፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው አብሮ ይፈርማል። ማስጠንቀቂያውን ሲያነሱባት ያልደነገጠች ሴት ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቬላፒ ማግዊንያ ይዞ ሊያጽናናት መጣና "አላልኩሽም!" ብሎ ሲጀምር "ያልከኝን አንተም እኔም እናውቀዋለን፣ ውጣ!" ብላ አስወጣችው።

ያሚካኒን ኮሪደር ላይ ጠብቃ "ይቅር በለኝ፣ ልጄ" አለችው።

"ይቅር ብያለሁ" አለ በዚያው በዝቅተኛ ድምፁ። "እውነቱን ስለተናገሩም አመሰግናለሁ።" የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ ጎንበስ ብሎ እጇን ጨበጠና ሄደ።

በአዲሱ ዙር መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማንጊዲ ለሁለት የሚሆን ፑቱ ይዛ መጣች። ያሚካኒ ትሪውን ይዞ ገባ፤ የምሳ ዕቃውን ስትከፍት አየ።

"አመሰግናለሁ፣ በልቼ ነው የመጣሁት" አለ።

ገና ሁለት ሰዓት ነው። ማንጊዲ የምሳ ዕቃውን ቀስ ብላ ከደነችው።

ትሪውን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች፤ ናሙናዎቹን ልትቆጥር አንዱን አነሳች። ከሥሩ፣ ጥጉ ላይ፣ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ ጭረት አለች። ሌላውን ገለበጠች። እዚያም አለች። አሥራ ሁለቱም ላይ አለች፤ እሷ በጫረችበት በዚያው ቦታ፣ በደንብ በሰላ መርፌ። ቀና ስትል ያሚካኒ እያያት ነበር። አላፈረም፣ አልደበቀም። ማፈር የነበረባት እሷ ናት፤ አፈረችም።

ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ መሐል ወለል ላይ ቆመች። ምድጃው ከኋላዋ እየሞቀ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

"የት ላስቀምጠው?"

ያሚካኒ የራሱን ጠረጴዛ በጣቱ አሳያት።

"እዚህ፣ ወይዘሮ ንጊዲ" አለ። "እኔ የማየው ቦታ።"